ልጅ «አላይም» አይልም

በአምቦ ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

 

ነገሬን ከአውድማ ልጀምር። ያደግሁት ጊንጪ አጠገብ፣ የጤፍ አገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ የጥር ቀን ከአጎቴ ጋር ጤፍ ስናበራይ ነፋስ ተነሣና እብቅ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዓይኔን በመዳፌ ጥርቅም አድርጌ ሸፈንኩት። ያን ጊዜ በሬዎቹ ጠፉብኝ። እዚያው አውድማው ላይ ናቸው፤ ኮቴያቸው ይሰማኛል፣ አጎቴ ሲነዳቸውም ይሰማኛል። በቀኝ ዓይኔ የሚታየኝ ግን የደበዘዘ ነገር ሲዞር ብቻ ነው። የቱ ቦራ፣ የቱ ዳለቻ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናቴ መጥታ እብቁን በነጠላዋ ጫፍ አወጣችልኝ። መዳፌን ሳነሣ በሬዎቹ ተመለሱ። እኔም ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዝም ያልኩት ፈርቼ አልነበረም። የሚያስደንቅ ነገር መሆኑን አላወቅሁም። ቀኝ እጅ ብርቱ፣ ግራ እጅ ደካማ እንደሚሆነው ሁሉ፣ የሰው ዓይንም አንዱ የሚያይ፣ ሌላው አጃቢ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እንደኔ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ በፊት ዓይኔ ቀልቶ ሁለት ጊዜ ሕክምና ተወስጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቅባት ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። ምን ያህል እንደማይ የለካኝ ግን አልነበረም። የለካኝ ሰው ያገኘሁት ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ነው። መርማሪው የመስተዋት ዓይነት እየቀያየረ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ መነጽሩን ከፊቴ አንሥቶ፣ «ይህ ዓይን በአራት በአምስት ዓመትህ መነጽር አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያይ ነበር» አለኝ። ቀኝ ዓይኔ አልታመመም። አልተወጋም። ዛሬም በሐኪም መሣሪያ ውስጡ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ግን አጥርቶ አያይም። ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ያ ቃል ነው፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝም እሱው ነው።

እንግዲህ የመጣሁበት ነገር ይህ ነው፦ ልጅ «አላይም» ብሎ እስኪነግረን ድረስ መጠበቅ የለብንም። አይነግረንምና። አይቶ የሚያውቀው ነገር ከሌለ ምን ጎደለኝ ይላል? እኔና እናንተ በሃምሳ ዓመታችን የመጽሐፉ ፊደል ሲጠፋብን ትናንት እናይ እንደነበር ስለምናውቅ እንናገራለን። ደብዛዛ ዓለም ውስጥ የተወለደ ልጅ ግን ዓለም እንዲህ ናት ብሎ ይኖራል።

የማያይ ልጅ ስለ ዓይኑ አይናገር እንጂ ብዙ ስም ይወጣለታል። መንገድ ማዶ የቆሙትን ሽማግሌ ሳይሳለም ያልፋል፤ «ምን ዓይነት ባለጌ ልጅ ነው፣ ሰላምታ ነሳኝ» ይባላል። አክስቱ ስትስቅለት መልሶ አይስቅም፤ «ዓይን አፋር ነው» ይባላል። ከሰሌዳው ሳይሆን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ መምህሩ «ኮራጅ» ይለዋል። ኳስ ሲወረወርለት ይስታል፣ ስለዚህ ከጨዋታ ይቀራል። ቅርቡን አይቶ ሩቁን የማያይ ልጅ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ስለሚያነብ እንዲያውም ጎበዝ ይመስላል፤ ክፍል ሲገባ ይጠፋል። ሩቁን ያለ ችግር የሚያይ፣ ቅርቡን ለማየት ግን የሚታገል ደግሞ አለ። ይኸኛው ሰሌዳውን ያነባል፣ ደብተር ላይ ጥቂት ሲቆይ ግን ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑን ያሻል፣ «ማንበብ ሰለቸኝ» ይላል። መምህራን፣ እባካችሁ፣ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከመናገራችሁ በፊት ልጁ ምን ያህል እንደሚያይ ለኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ስመረምር ይህ ቃል የስንቱን ልጅ ልብ እንደሰበረ አይቻለሁ።

ጉዳዩ የጥቂት ልጆች ነው የሚል ካለ ቁጥሩን እንመልከት። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገራችን የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ዓይነ ስውርነት ከመቶ ሰው 1.6 ላይ እንደሚደርስ፣ ከፊል የማየት ችግር ደግሞ 3.7 ላይ እንደሚደርስ አሳይቷል። ከፊል የማየት ችግር ካለባቸው መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት፣ በትክክል 33.4 በመቶዎቹ፣ ችግራቸው መነጽር ብቻ የሚያስተካክለው ነበር። ስለ ተማሪዎች ለብቻ የተጠኑም አሉ። ቡታጅራ አካባቢ 4238 ተማሪዎች ተመርምረው 6.3 በመቶዎቹ መነጽር የሚያሻው ችግር ተገኝቶባቸዋል። ጎንደር ከተማ ላይ 1852 ተማሪዎች ሲታዩ 9.4 በመቶ ሆኗል። እኛ አገር ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል መቀመጡ እንግዳ ነገር አይደለም። የቡታጅራውን ቁጥር ብንወስድ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ክፍል ሦስት ወይም አራት ልጆች አሉ ማለት ነው። መምህራን፣ አሁን እዚሁ ተቀምጣችሁ የክፍላችሁን ልጆች በየረድፉ አስቧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ልጆች ለምን ገና በሕፃንነታቸው ይመርመሩ እንደምል። ብዙ ወላጅ «ትንሽ ይደግ፣ አራተኛ ክፍል ሲደርስ እናስመረምረዋለን» ይለኛል። እንዲህ የሚሉት ዓይንን እንደ ጥርስ አድርገው ስለሚያስቡ ነው፤ መቼም ብትጠግነው ያው ነው ብለው። ዓይን ግን ብቻውን አያይም። ዓይን ምስሉን ይቀበላል፤ የሚያየው አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ ማየትን ይማራል፤ ቋንቋ እንደሚማረው ሁሉ። ይህ ትምህርት ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ድረስ በብርቱ ይሄዳል፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት አንደኛው ዓይን ጥርት ያለ፣ ሌላው የደበዘዘ ምስል ከላከ፣ አንጎል የጠራውን ይወስድና የደበዘዘውን ይተወዋል። መተውን ይለምዳል። ከለመደ በኋላ መነጽር ቢደረግለት መስመሩ ተዘግቶ ይቆያል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ይህን በሳይንስ ያሳዩት ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ገና በሕፃንነታቸው ለጥቂት ሳምንታት ሸፈኑት። ሲገልጡት ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ አንጎሉ ውስጥ ግን ለዚያ ዓይን የሚሠራው ክፍል ለሌላው ዓይን ተሰጥቶ ቆይቷል። ያደገች ድመት ላይ ተመሳሳዩን ሲያደርጉ ግን ምንም አልሆነችም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለዚህና ለተያያዘ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሐኪሞች ይህን ችግር አምብሊዮፒያ ይሉታል። «ሰነፍ ዓይን» የሚሉትም አሉ። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ዓይኑ አልሰነፈም፤ ሥራ ተከለከለ እንጂ። ሕክምናው ቀላል መሆኑ ነው ልቤን የሚያቆስለው። መጀመሪያ ትክክለኛ መነጽር ይታዘዛል፤ መነጽሩ ብቻ የሚበቃቸው ልጆች አሉ። ካልበቃ ብርቱው ዓይን በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይሸፈናል፤ ችግሩ መካከለኛ ከሆነ በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። ያን ጊዜ ደካማው ዓይን ሥራውን ይማራል። ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸው ልጆችም ፈጽሞ አይረዱም ማለት አይደለም፤ በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የተሻሻሉ አሉ፣ ስለዚህ ዘገየሁ ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ግን የአምስት ዓመት ልጅ በወራት የሚያገኘውን፣ ትልቁ ልጅ በብዙ ድካም በከፊል ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዓይኑ እንዴት ይመረመራል?»

ይመረመራል። እዚህ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሰሌዳ ተመልከቱ። በሰፊው የታወቀውን ፊደል ያለበት ሰሌዳ ያዘጋጀው ኸርማን ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1862። ይህኛው ላይ ግን ያለችው አንዲት ምልክት ብቻ ናት፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ የዞረች። በላቲን ፊደል ኢ የምትባለዋ ናት። እኔ ለልጆች ፊደል ናት አልላቸውም። መንሽ ናት እላቸዋለሁ። ሦስት ጥርስ አላት። «መንሹ ጥርሱን ወዴት አዞረ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጁ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር፣ ገና አፉን ያልፈታ ዓይናፋርም ቢሆን ጣቱን ማዞር ያውቃል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ደግሞ ፊንላንዳዊቷ የዓይን ሐኪም ሊያ ሂቫሪነን እ.ኤ.አ. በ1976 ያዘጋጀቻቸው ሥዕሎች አሉ፤ ፖም፣ ቤት፣ ክብና አራት ማዕዘን። ልጁ ስሙን መጥራት ባይችል እናቱ ጭን ላይ ካለው ካርድ ተመሳሳዩን ይጠቁማል።

መምህራን ይህን እናንተው መሥራት ትችላላችሁ። 6 ሜትር ገመድ ለኩ። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መንሿን ሣሉ፦ ቁመቷም ወርዷም 17 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ሦስቱ ጥርሶችና በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል። ይህች መጠን ሐኪሞች 6/12 የሚሏት ናት፤ ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ልጁ 6 ሜትር ቀርቦ ይለየው እንደሆነ ትነግራችኋለች። ወረቀቱን ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ ስቀሉ፣ ፀሐይ ልጁን ፊት ለፊት አትውጋው። አምስት ጊዜ አዟዙራችሁ አሳዩት። ከአምስቱ አራቱን ካልመለሰ ወደ ዓይን ባለሙያ ይላክ። በእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ መሆኑን አደራ። ሁለቱን ባንድነት ብትለኩ እኔን የመሰለውን ልጅ «ደህና ነው» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ።

ከልምድ ያገኘሁትን ጥቂት ልንገራችሁ። ልጅ ዓይኑን በጣቱ ሲሸፍን በጣቶቹ መካከል ያያል፤ ማጭበርበሩ ሳይሆን ጎበዝ መባል ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ በጎደጎደ መዳፍ ወይም በካርቶን ይሸፈን፣ ዓይኑ ግን አይጫን፤ የተጫነ ዓይን ለደቂቃዎች ይደበዝዛል። ሌላው፣ ልጆቹን አሰልፋችሁ ስትመረምሩ ከኋላ ያሉት የፊተኛውን መልስ ሰምተው ይሸመድዳሉ። አንድ ጊዜ ጉደር አቅጣጫ ባለ ትምህርት ቤት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉንም ሳትሳሳት መለሰችልኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አወረድኩትና ላጥፈው ስጀምር አሁንም ጣቷን እያዞረች ነው፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እንደሌለ አላየችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅደም ተከተሉን በየልጁ እቀያይራለሁ፤ የሚጠብቁትንም ፊታቸውን አዞራቸዋለሁ።

ወደ ባለሙያ የተላከ ልጅ ምን ይጠብቀዋል? በጨለማ ክፍል ውስጥ መርማሪው ትንሽ መብራት ወደ ብሌኑ ያበራል። ከዓይኑ ወለል ተመልሶ የሚወጣው ቀይ ብርሃን መብራቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል ወይም በተቃራኒው ይሄዳል። መርማሪው መስተዋት እየቀያየረ ብርሃኑ መሄዱን ሲያቆም መጠኑን ያገኛል። ሬቲኖስኮፕ ይባላል መሣሪያው። ልጁ አንድ ቃል መናገር አይጠበቅበትም፤ የስድስት ወር ሕፃንም በዚህ ይለካል። በየመነጽር ቤቱ በር ላይ «በኮምፒውተር እንመረምራለን» የሚል ታያላችሁ። ኮምፒውተሩ ለትልቅ ሰው ይረዳል። የልጅ ዓይን ግን ለምለም ነው፤ መሣሪያው ውስጥ ሲመለከት ቅርብ ለማየት ይጨመቃል፣ ስለዚህ መሣሪያው የሌለ ችግር ያነባል ወይም ያለውን ያሳንሳል። ለዚህ ነው ልጅ ከመለካቱ በፊት ዓይኑን የሚያሳርፍ ጠብታ የሚደረግለት።

ይህን ጠብታ እወቁት። ብሌኑን ያሰፋዋል፣ ብርሃን ይወጋዋል፣ ቅርብ ያለው ይደበዝዝበታል። እንደ ጠብታው ዓይነት አንድ ቀን፣ አንዳንዱም ከሳምንት በላይ ቆይቶ ይለቃል። ይህን ሳልነግራት የሸኘኋት አንዲት እናት በማግሥቱ ልጇን አዝላ ተመለሰችና «ዶክተር፣ ልጄን በዓይኑ ይዤ መጥቼ አጠፋችሁብኝ!» ብላ አለቀሰች። «እናቴ፣ ይለቀዋል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መንገር ነበረብኝ» አልኳት። እስኪለቀው ሦስት ቀን እየመጣች አጠገቤ ተቀመጠች። ከእሷ ወዲህ ጠብታ ሳደርግ ከመድኃኒቱ በፊት ወሬውን አስቀድማለሁ።

ስለ መስተዋቱ ደግሞ በአገራችን ዕቃ ላሳያችሁ። ይህ በውሃ የተሞላ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነው፤ ጋዙ እንዲወጣ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼ አቆይቼዋለሁ። ጋዜጣው ላይ አስጠግቼ ስይዘው ፊደሎቹ ምን ሆኑ? ሰፉ። ቁመታቸው ግን አልጨመረም፤ ወደ ጎን ብቻ ተለጠጡ። ጠርሙሱ በአንድ በኩል የጎበጠ፣ በሌላ በኩል ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። የአንዳንድ ልጅ የዓይን ፊት እንዲህ ነው፤ በሁለቱ አቅጣጫ ጉብጠቱ እኩል አይደለም። ለእሱ ፊደል ሁሉ የተለጠጠ ወይም ጥላ ያለው ነው። አስቲግማቲዝም የሚባለው ይህ ነው፤ የእሱ መነጽር ደግሞ የጠርሙሱን ጉብጠት በተቃራኒ የሚመልስ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ የልጅ መነጽር እንደ ጫማ በቁጥር ተመርጦ ከገበያ አይገዛም። መንገድ ዳር ተደርድረው የሚሸጡት ለአዛውንት ማንበቢያ የተሠሩ ናቸው፤ ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። ለአያት ይጠቅማሉ። ለልጅ አይሁኑ።

ክፈፉ ከፊቱ ጋር ይመጠን። የትልቅ ሰው ክፈፍ «ያድግበታል» ብላችሁ አትግዙ፤ የመስተዋቱ መሀል ከብሌኑ ፊት ካልዋለ ልጁ በዳርቻው እያየ ይቸገራል። መስተዋቱ ፕላስቲክ፣ ከተገኘም ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ኳስ ቢመታው በቀላሉ አይሰባበርም። ለትንንሾቹ ከኋላ የሚያያዝ ገመድ ይደረግለት። በደረቅ ልብስ አትጥረጉት፣ አቧራው መስተዋቱን ይቧጭረዋል፤ በውሃ አጥቡት። በዓመት አንድ ጊዜ ልጁ እንደገና ይለካ፣ ፊቱም ዓይኑም ያድጋልና።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ናቸው። አዲስ መነጽር ያደረገ ልጅ ደልዳላ መሬት ላይ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረግጣል፤ ወለሉ የተጠጋው ወይም የተጣመመ ይመስለዋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አይቶ «መነጽሩ አዞረው» ብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡት። ከዚያ በኋላም ካልለመደው ወደ መርማሪው መልሱት።

«መነጽር ከለመደ ዓይኑ ይደክማል» የሚለውን አምቦም ሰምቼዋለሁ፣ ባኮም ሰምቼዋለሁ። መነጽር ዓይንን አያደክምም። ልጁ ሲያወልቀው ዓለም የደበዘዘበት ዓይኑ ስለደከመ አይደለም፤ ጥርት ያለውን ስላወቀ ነው። ሌላው ችግር የልጆች ፌዝ ነው፤ «አራት ዓይን» እያሉ ያሳፍሩታል። መምህራን፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አራቱን ጉባኤ፣ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አጠናቅቆ የያዘ መምህር «አራት ዓይና» ይባል ነበር። ትልቅ የክብር ስም ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ቀና ይላል፤ አይቼዋለሁ።

መነጽር ትምህርት ያሻሽላል ወይ ለሚል ደግሞ በቻይና ጋንሱና ሻአንሺ በሚባሉ ክፍላተ ሀገር በ252 ትምህርት ቤቶች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች መነጽር በነፃ ሲሰጣቸው በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ውጤታቸው ካልተሰጣቸው ልጆች ከፍ አለ፤ ልዩነቱም የወላጆች ትምህርትና የቤተሰብ ሀብት ከሚያመጣው በለጠ። ይህ የሆነው እንግዲህ በድንገት ሲታዩ መነጽራቸውን አድርገው የተገኙት ከግማሽ በታች ሆነው ሳለ ነው።

መነጽር የማይፈታውን ችግር በአጭሩ ልንገራችሁ፤ አጭር ያደረግሁት ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ሐኪም ብቻ የሚፈታው ስለሆነ ነው። በልጃችሁ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንዱ ብሌን ቀይ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ሳምንት ተነሡ። ሞራ ሊሆን ይችላል፣ የዓይን ውስጥ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሕይወት ይወስዳል። ሕፃን ከአራት ወር በላይ ሆኖት ዓይኑ ሸውራራ ከሆነ «ሲያድግ ይስተካከላል» አትበሉ። አምቦ ካልተቻለ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል የሕፃናት ዓይን ክፍል አለው።

ደግሞም ስለ ክትባት፣ ስለ ቫይታሚንና ስለ ቤት መድኃኒት። በ1995 ዓ.ም. ዶክተር አሚር በድሪ ቀሎ ከተመራማሪዋ ክሌር ጊልበርት ጋር በሦስት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶቻችን ያሉ ልጆችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት አለ። ከልጆቹ 62.4 በመቶዎቹ ብርሃናቸውን ያጡት የዓይን ፊተኛው መስተዋት ጠባሳ ይዞ ወይም ዓይኑ ፈስሶ ነው። ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል የቫይታሚን ኤ እጥረትና ኩፍኝ ነበሩ። ባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፣ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ያለባት ሰበታም ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች አገራችንን አገልግለዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን እዚያ ባይደርሱ የሚሻላቸው ልጆች አሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር፣ ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ፤ ጤና ኬላ ይሰጣል። ቅጠል ጨምቃችሁ ዓይን ውስጥ አታድርጉ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ምርመራውንም አብሮ ይውሰድ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ልጆቻችሁን አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ክፍል ስታስመዘግቡ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። በዚያው ጠረጴዛ አጠገብ 6 ሜትር ገመድና ያቺ ወረቀት ይኑሩ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ በየከተማው አንዳንድ መምህር ብናሠለጥን፣ ያላለፉትን ልጆች ስም በአንድ ደብተር ብንይዝና አምቦ ወዳለው የዓይን ክፍል በአንድ ቀን ሰብስበን ብናመጣቸው፣ ወላጅ ለብቻው ከሚንከራተት መንገዱም ወጪውም ይቀላል። ይህን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ርእሳነ መምህራን ከንግግሩ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡልኝ፤ ለማሠልጠን እኔ እመጣለሁ፣ ጌዶም ቢሆን፣ ኢጃጂም ቢሆን።

አሁን በበረንዳው በኩል ገመዱ ተዘርግቷል፤ መንሿም ግድግዳው ላይ ናት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በዚያ በኩል ውጡ። የሚጠብቁት ልጆች ፊታቸውን ወደ ግቢው ያዙሩ። ግራ ዓይን በመዳፍ ይሸፈን፤ በቀኙ እንጀምራለን።